ቱባው የጃዝ ቤዝ ቱባ አይደለም

ፖፕስ ፎስተርን ካላወቃችሁት አይግረማችሁ። የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ቤዚስትን ደግሞ ማን ያያል? በ1892 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ተወልዶ ኒው ኦርሊንስ ያደገ ሰው ነው። «ፖፕስ» ቅጽል ስም ነው፤ «አባባ» እንደማለት። ስለ እሱና ስለ ጓደኞቹ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«በድሮ ጃዝ ቤዙን የሚይዘው ቱባ ነበር፤ ኮንትራባስ በኋላ ነው የመጣው።» ይሄን ብዙ ሰው ይለዋል። ቱባ በአፍ የሚነፋው ትልቁ የናስ መሣሪያ ነው፤ ኮንትራባስ ደግሞ አቁመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ ክር ቤዝ። እውነት ነው፣ መንገድ ላይ እየተሰለፉ ሲጫወቱ ቱባ ይይዙ ነበር። ኮንትራባስ ተሸክሞ ማን ይሰለፋል? ጭፈራ ቤት ውስጥ ግን ኮንትራባስ ነበር። በ1905 ገደማ የተነሳው የኒው ኦርሊንሱ የጃዝ ቀዳሚ የበዲ ቦልደን ባንድ ፎቶ ላይ እንኳ ቆሞ ይታያል። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከሸክላ። እስከ 1925 አካባቢ ሙዚቃ የሚቀረጸው ያለ ማይክ፣ ድምፅ በሚሰበስብ ጡሩንባ መሰል ትልቅ ቀንድ ነበር። የኮንትራባስ ድምፅ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ስቱዲዮ ሲገቡ ብዙዎቹ በቱባ ተኩት። እኛ የሰማነው ሸክላውን ነው፣ ጭፈራውን አይደለም።

«ክሩን እያጮሁ መምታት የሮክ ፈጠራ ነው።» ኧረ በጭራሽ! ፎስተር ክሩን ወደ ውጭ ስቦ ይለቀዋል፤ ክሩ ከአንገቱ እንጨት ጋር ተላትሞ «ጧ!» ይላል። በ1929 ኒው ዮርክ ከሉዊስ ራስል ባንድ ጋር በቀረጻቸው ሸክላዎች ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ክሩም ብረት አልነበረም፤ ከእንስሳ አንጀት የተገመደ ነው፣ ልክ እንደ በገናችን። ማጉያ በሌለበት አዳራሽ ከጥሩምባና ከከበሮ ጋር ለመፎካከር ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? ደግሞ ሁሌ በጣት ብቻ አልነበረም፤ እንደ ማሲንቆ በደጋንም ይጫወቱት ነበር። ፎስተር ልጅ ሳለ የነካው የመጀመሪያው ቤዝ ደግሞ ከዱቄት በርሜል የተሠራ፣ ክሩም ሰም የተቀባ ሲባጎ ነበር።

«ከአርምስትሮንግ ጋር የተጫወተ ሰው ኑሮው የተደላደለ ነው።» አዎ፣ ፎስተር ከዝነኛው ጥሩምባ ነፊ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር እስከ 1940 ድረስ ለዓመታት ሠርቷል። ከዚያስ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኛ ሆነ። የድሮው ጃዝ እንደገና ሲፈለግ ነው ወደ መድረክ የተመለሰው። በ1950ዎቹ አውሮፓን ዞረ፤ ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ከፒያኒስቱ ኧርል ሃይንስ ጋር መጫወት ሲጀምር ስድሳውን አልፎ ነበር።