ሲሙሌሽንና ኦስኪ አንድ አይደሉም

ሐዋሳ ያላችሁ የድንገተኛ ነርሲንግ ተማሪዎች፣ «ሲሙሌሽንና ኦስኪ አንድ ናቸው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ልመልስ። ኦስኪ (OSCE) ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ የሕክምና ክህሎቱን የሚያሳይበት ፈተና ነው፤ በየጣቢያው ነጥብ ይያዛል። ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛ ሁኔታን አስመስሎ መለማመድ፣ ግን በዋናነት መማሪያ ነው፤ ሰው ሳይጎዳ የሚሳሳቱበት ቦታ።

የማኒኪኑ (በሕመምተኛ ምትክ የሚለማመዱበት አሻንጉሊት) ልብ ቆመ እንበል። አንዷ ደረት ትጫናለች፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዷ ይዝላል፣ ግፊቱም ይሳሳል። ሊተካት የሚገባው ልጅ ግን አጠገቧ ቆሞ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጧል። ይህ ስህተት እዚህ መታየቱ ስንት እጅ ይሻላል!

ትልቁ ትምህርት ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት፣ ዲብሪፊንጉ ነው። «ማን አጠፋ?» አይባልም፤ «ያኔ ምን አሰብሽ?» ነው የሚባለው። እባካችሁ እሱን ጥላችሁ አትውጡ። የውይይቱ ርዝመት፣ ተሳትፎው ነጥብ ይኑረው አይኑረው፣ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ መምህራችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።