ክሮንስ የተባለው አንጀት የሚያቆስል በሽታ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

"ሐኪሙ ጨርሶ ሳያወጣው ቀርቶ ነው" የሚለው አስተያየት አሁንስ አንገሸገሸኝ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ "ሥሩ ከቀረ መብቀሉ የት ይቀራል!" ብሎ ደመደመ። ወዳጄ፣ ክሮንስ ዕጢ መሰለህ እንዴ?

እኛ ቆርጠን የምናወጣው የጠበበውን ወይም የተበሳውን የአንጀት ክፍል ነው። የሰውነት መከላከያ ከአንጀት ባክቴሪያዎች ጋር የገባበት ጠብ ግን በቢላ አይወጣም።

የድሬዳዋ ሰው ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። እዚህ ጠብ ሳይል ደንገጎ በኩል ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ጎርፉ ከተፍ ይላል። በ1998 ክረምት ያደረሰውን አንረሳውም። ዳር ላይ የፈረሰውን ግንብ መልሶ የሚሠራ ግንበኛ የደጋውን ዝናብ እንዲያቆም አይጠበቅበትም። ክሮንስም ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የአንጀቱ ጫፎች ተገጥመው ከተሰፉበት ቦታና ከስፌቱ በላይ ካለው ቀጭን አንጀት ነው። ሰገራው ለጊዜው በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ከተደረገ፣ ከታች ያለው ስፌት ደህና ሆኖ ይቆያል። መንገዱ ሲመለስለት ቁስሉም ይመለሳል። ጎርፉን አቅጣጫ አስቀይረህ መልሰህ ለቀቅከው ማለት ነው።

"ታዲያ ሰፋ አድርጎ ቢቆርጠውስ?" ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከቁስሉ ዳር 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ መቁረጥንና 12 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ መቁረጥን አወዳደረ። ሰፋ ማለቱ መመለሱን አልቀነሰውም። ትርፉ አንጀት ማሳጠር ነው።

ሲጋራ ግን የመመለስ ዕድሉን እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። "እኔ በርጫ ላይ ብቻ ነው የማጨሰው" የሚለኝ ታካሚ ብዙ ነው። በርጫው የየቀን ነው እኮ!

ቁስሉ ሕመም ከመሰማቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) የምናዘው ለዚህ ነው። "ደህና ነኝ" ብሎ መቅረት አያዋጣም።

ይህ ሁሉ ግን በሽታው በእርግጥ ክሮንስ ከሆነ ነው። የአንጀት ቲቢም እዚያው ቀጭኑና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ መቀመጥ ይወዳል፤ ሲያዩትም ይመሳሰላሉ። ለክሮንስ የሚሰጡት መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ቲቢን ያባብሳሉ። ስለዚህ የተቆረጠው አንጀት የላቦራቶሪ ውጤት ከእጃችሁ አይጥፋ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ተቅማጥ የያዘው ሁሉም ተመለሰበት ማለት አይደለም። የቀጭኑ አንጀት ጫፍ ከተቆረጠ እዚያ ይመጠጥ የነበረው የሐሞት አሲድ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ያስቀምጣል። ለዚህ ደግሞ ሌላ መድኃኒት አለው።