አሜሪካ ውስጥ ወረቀት ስለሌላቸው ስደተኞች የሚጻፍ የማሳመኛ ጽሑፍ

አሜሪካ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ላይ የተለጠፈውን ስም (ወንጀለኛ ነው፣ ግብር አይከፍልም፣ ሥራ ይቀማል ምናምን) ለማስነሳት የሚጻፈው ጽሑፍ አሁን ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል ማለት ይቻላል። በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ስላጣሁ ነው እዚህ ያጠራቀምኩት፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መነሻው ፍርድ ቤት ነው ቢባል ያስኬዳል። ቴክሳስ በ1975 ወረቀት ለሌላቸው ልጆች ትምህርት የሚሆን የመንግሥት በጀት ከለከለች፣ ታይለር የምትባለው ከተማ ደግሞ በልጅ 1,000 ዶላር መጠየቅ ጀመረች፣ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ልጆቹ 5 ለ 4 ረቱ። ዳኛ ብሬናን የጻፉት ባጭሩ ልጅ በወላጁ ጥፋት አይቀጣም ነው። ከዛ በኋላ የመጣው ጸሐፊ ሁሉ ይቺን ክርክር ሲያገላብጣት ኖሯል። በ2001 የቀረበው ድሪም አክትም (በልጅነታቸው ለመጡት ወረቀት ይሰጥ የሚለው ረቂቅ ሕግ) እሷው ላይ ነው የቆመው፣ በ2010 መጨረሻ ሴኔት ውስጥ 60 ድምፅ ሲያስፈልገው 55 አግኝቶ ወደቀ።

ትልቁ ነገር የመጣው በ2011 ነው። ፊሊፒንስ የተወለደው ሆሴ አንቶኒዮ ቫርጋስ፣ በ2008 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት ካሸነፈው የዋሽንግተን ፖስት ቡድን አንዱ የነበረ ጋዜጠኛ፣ ጁን ላይ በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ወረቀት የለኝም ብሎ ራሱን አወጣ። በ12 ዓመቱ እናቱ አውሮፕላን ላይ አሳፍራው ነው የመጣው። 16 ሲሆነው በሳይክል ዲኤምቪ ሄደ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ማለቴ ነው፣ የኛ ሰው የሰፈረበት ዲሲና ሜሪላንድ አይደለም)፣ ሠራተኛዋ ግሪን ካርዱን አገላብጣ አየችና ፎርጅድ ነው፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ ብላ በሹክሹክታ ነገረችው። ቤት ሲደርስ አያቱ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብለው የቅናሽ ኩፖን በመቀስ እየቆረጡ ነበር። ለኔ የጽሑፉ ጉልበት ያለው እዚህ ኩፖን ላይ ነው፣ አንባቢው ጥበቃ ሆነው ሲሠሩ የኖሩ፣ ሳንቲም የሚቆጥቡ ሽማግሌ ካየ በኋላ እኚህን ሰው ወንጀለኛ ብሎ ለመጥራት ይከብደዋል፣ ሰነዱን ፎርጅድ ያሠሩት እሳቸው ቢሆኑም። ለነገሩ ይሄንንም አልደበቀም፣ የዋሸውን ሁሉ ራሱ ስለዘረዘረ ነው የታመነው። በዓመቱ ኦባማ ዳካን (በልጅነታቸው የመጡት ለጊዜው እንዳይባረሩና እንዲሠሩ የሚፈቅደውን ፕሮግራም) ሲያውጁ ደግሞ የዕድሜው ገደብ 31 ያልሞላው ስለነበር በጥቂት ወራት አለፈው።

ሌላው ግንባር ቃል ነው። በኤፕሪል 2013 አሶሼትድ ፕሬስ የሚባለው የዜና ወኪል ከአጻጻፍ መመሪያው ኢሊጋል ኢሚግራንት (ሕገወጥ ስደተኛ) የሚለውን አወጣ፣ ሕገወጥ የሚባለው ድርጊት እንጂ ሰው አይደለም ብሎ። አንዶክዩመንትድ (ወረቀት የሌለው) የሚለውንም ግን ልክ አይደለም ብሎ አልወሰደውም፣ ኒውዮርክ ታይምስም በዛው ወር ኢሊጋል ኢሚግራንት የሚለውን አልከለክልም አለ፣ ስለዚህ ድሉ ሙሉ ነበር የሚሉ ሰዎች ትንሽ ያጋንናሉ። በ2014 የዳርትመዝ ኮሌጅ ተማሪዎች የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ያለው ኢሊጋል ኤሊየንስ (ሕገወጥ ባዕዳን) የሚል ርዕስ ይነሳ ብለው ጠየቁ፣ ምክር ቤቱ ጣልቃ ገብቶ ሲጓተት ቆይቶ በ2021 ተነሳ። በ2025 የፕሬዚዳንቱ ትእዛዞች ላይ ያው ቃል ተመልሷል። በአማርኛ ዜና እስካሁን "ሕገወጥ ስደተኛ" ነው የሚባለው፣ የራሳችን ወንድም ሲሆን ግን "ወረቀቱ ገና ነው" እንላለን።

ቁጥርም አለ። የቴክሳስ ፖሊስ መዝገብ ላይ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ጥናት አሜሪካ የተወለዱት በአመፅ ወንጀል የመታሰር መጠናቸው ወረቀት ከሌላቸው ከእጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። አይቴፕ የሚባለው ግብር የሚያጠና ተቋም ደግሞ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች በ2022 ብቻ 96.7 ቢሊዮን ዶላር ግብር ከፍለዋል ይላል፣ ከዛ ውስጥ 25.7 ቢሊዮኑ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) ነው፣ አብዛኞቹ ሲያረጁ የማይወስዱት።

አንድ ወቀሳ አለ፣ ከራሳቸው ከወጣቶቹ የመጣ። ልጁ ያለ ጥፋቱ ነው የመጣው በተባለ ቁጥር ጥፋቱ እናትና አባት ላይ ይወድቃል፣ ጎበዝ ተማሪ ብቻ ሲጻፍለት ደግሞ ሰሃን አጣቢው ይረሳል። ስለዚህ ኋላ ላይ ብዙዎቹ ድሪመር የሚለውን፣ ከድሪም አክት የመጣላቸውን ስም ትተው ስለ ወላጆቻቸው መጻፍ ጀመሩ።