የሕፃናት ደረቅና ስስ ቆዳ፦ አያያዙ፣ ልማዱና ሕክምናው

ደረቅና በቀላሉ የሚቆጣ ቆዳ ሕፃናትን በብዛት ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት፣ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ቆፈናም ሲሆን የልጆች ጉንጭ ይሻክራል፤ ቅልጥማቸው አመዳም ይሆናል፤ የቁርጭምጭሚታቸው ቆዳ ይሰነጣጠቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነው። እንክብካቤው የአያቶች ልማድ፣ የመድኃኒት ቤት ምክርና የሐኪም ትእዛዝ የተቀላቀሉበት ሲሆን፣ ከልማዱ አብዛኛው ለልጅ የሚበጅ ነው። የሚጎዳው ጥቂቱ ግን ክፉኛ ይጎዳል።

የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሚለየው በመለስለሱ ብቻ አይደለም። ላይኛው ንጣፉ ቀጭን ነው፤ ውኃ ቶሎ ይስባል፣ ቶሎም ያጣል። ይህን ንጣፍ በጭቃ እንደተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ማሰብ ይቻላል፤ የሞቱት የቆዳ ሕዋሳት ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ጭቃው ነው። ስቡ ታጥቦ ሲያልቅ እርጥበት ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሚያስቆጣ ነገርም ወደ ውስጥ ይገባል። ልጅ ሲወለድ የቆዳው ገጽ አሲድነት አነስተኛ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየጨመረ ሄዶ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) ወደ 5 ገደማ ሲወርድ ቆዳው ጀርሞችን መቋቋም ይጀምራል። የተለመደው የገላ ሳሙና ፒኤች ከ9 እስከ 10 ስለሆነ በየዕለቱ ሲደጋገም ይህን ሥራ ያፈርሰዋል። ሌላም ልዩነት አለ፤ የሕፃን ቆዳ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የተቀባው መድኃኒት ከሰውነቱ ትንሽነት አንጻር ብዙ ሆኖ ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል።

ልጅ ሲወለድ ገላውን የሚሸፍነውን ነጭ ልባስ ብዙ ቤተሰብ እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል፤ ቶሎ ታጥቦ እንዲወገድም ይፈልጋል። ይህ ልባስ አብዛኛው ውኃ፣ ቀሪው ስብና ፕሮቲን ሲሆን ቆዳውን ያለሰልሳል፤ ከጀርምም ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እጥበት ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዲዘገይ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ ጨቅላው በብርድ እንዳይጎዳ ነው። ቀናቸውን አሳልፈው የተወለዱ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእጃቸውና የእግራቸው ቆዳ ቢላጥ መፈተግ አያስፈልግም፤ በራሱ ይተዋል።

ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማጠብ ይበቃል፤ በሌሎቹ ቀናት ፊትን፣ አንገትን፣ ብብትንና የሽንት ጨርቅ የሚነካውን አካባቢ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ውኃው ለብ ያለ፣ በክርን ሲነካ የማያቃጥል መሆን አለበት። ጊዜው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው፤ ልጁ በሳፋው ውስጥ መንቦጫረቅ ቢወድም ረጅም እጥበት ቆዳን ያደርቃል። ሳሙና ካስፈለገ ሽታ የሌለውና ለስላሳ ሆኖ፣ እጥበቱ ሊያበቃ ሲል በቆሸሸው ቦታ ላይ ብቻ ይደረጋል። የልብስ ሳሙና ለሕፃን ገላ አይሆንም። ከውኃ ሲወጣ በፎጣ መታሸት የለበትም፤ በቀስታ እየተነካ ውኃው ይመጠጣል። ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ገና ወዝ እያለው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቅባቱ ይቀባል። በደረቀ ቆዳ ላይ የተቀባ ቅባት የሚይዘው እርጥበት የለውም። ብዙ እናቶች ቅባቱ አልሠራም ብለው ዓይነቱን የሚቀያይሩት፣ ቅባቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሰዓቱ አልፎ ስለሚቀባ ይመስለኛል።

ከቅባቶች ሁሉ በኢትዮጵያ ቤቶች ቦታ ያገኘው ቫዝሊን ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ቼዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ይህ የነዳጅ ውጤት ቆዳን አይመግብም፤ ሥራው ውኃ እንዳይወጣ መከልከል ነው፤ ይህንንም በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ አለርጂ የሚያስነሳውም እምብዛም ነው፤ ነገር ግን ሽቶ ያልተጨመረበትን መምረጥ ያስፈልጋል። ሎሽን ውኃ ስለሚበዛበት በጣም ለደረቀ ቆዳ ደካማ ነው። በሥዕል ያጌጠው፣ ጥሩ መዓዛ ያለው የሕፃን ሎሽን ለአፍንጫ እንጂ ለደረቀ ጉንጭ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከዘይቶች መካከል የሱፍ ዘይት ጥሩ ስም አለው። በባንግላዴሽ ዳካ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን በሱፍ ዘይት መቀባት ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽንን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የወይራ ዘይትና የሰናፍጭ ዘይት በአንጻሩ የቆዳን መከላከያ እንደሚያላሉ ታይቷል። የለውዝ ዘይትም መቅረት አለበት፤ በተቆጣ ቆዳ በኩል የገባ የለውዝ ፕሮቲን ኋላ ለለውዝ አለርጂ መንገድ ሊከፍት ይችላል።

ቅቤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለአራስ ልጅ ለጋ ቅቤ መቀባት ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የምርቃትና የፍቅር እጅ ነው። በጤናማ ቆዳ ላይ በስሱ ቢቀባ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ነገር ግን ካልፈላ ወተት የተናጠ ቅቤ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በተሰነጠቀ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ መቀባት የለበትም። እትብት ላይ መቀባት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ እትብት ለቴታነስና ለሌላም ኢንፌክሽን የተከፈተ በር ነው።

ጤናማ ሆኖ በጊዜው የተወለደ ልጅ ያለ ምክንያት በየዕለቱ ቅባት ያስፈልገዋልን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የቆዳ ችግርን ለመከላከል ሲባል ብቻ ዘወትር መቀባትን አይመክርም። በብሪታኒያ በ1,394 ጨቅላዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናትም አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መቀባት ችፌን እንዳልተከላከለ አረጋግጧል። ለደረቀ ቆዳ ግን ቅባት መድኃኒቱ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ያው መመሪያ በለስላሳ እጅ መላ ገላን ማሸትን ለጤናማ ጨቅላ ሊደረግ የሚችል ነገር አድርጎ ይጠቅሰዋል። እናቶቻችን ከእጥበት በኋላ ልጅን ጭናቸው ላይ አጋድመው እጅና እግሩን እያሹ የሚያፍታቱት ልማድ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፤ መጎተትና መጠምዘዝ እስከሌለበት ድረስ።

ለሽፍታ ሲባል የሚደረጉ ሌሎች ነገሮች ግን ያሳስባሉ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ቆዳ ላይ ማሰር የሕፃንን ቆዳ እንደ እሳት ያቃጥላል። ጤና አዳም በቤታችን የተከበረ ተክል ነው፤ ይሁንና ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ከዳነም በኋላ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ሎሚም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅ ልጅ ገላ ላይ ከሁለቱ አንዱ መኖር የለበትም። ፌጦም ስስ ቆዳን ይፈጃል።

ድርቀቱ ከማሳከክ ጋር ሲመጣና እየተመላለሰ ሲያስቸግር አብዛኛውን ጊዜ ችፌ ነው፤ ሐኪሞች አቶፒክ ደርማታይተስ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያው ዓመት ነው። በሕፃናት ላይ ጉንጭን፣ ራስንና የእጅና የእግርን ውጫዊ ገጽ ይይዛል፤ ልጁ ሲያድግ ወደ ክርንና ወደ ጉልበት መታጠፊያ ይዞራል። በሽንት ጨርቅ የተሸፈነው ቦታ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ብዙ የሕክምና መጻሕፍት ቀይ ሽፍታ ብለው ይገልጹታል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ይሰወራል። የሚታየው ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ፣ ሲዳሰስ የሚሻክር፣ አንዳንዴም ጥቃቅን እብጠት የሞላበት ቦታ ነው። ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በመዳፍም መፈተሽ ያስፈልጋል።

ችፌ በቤተሰብ የሚወርድ ዝንባሌ አለው። የስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድል የዘር ለውጥ ከችፌ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ግን በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱትን ለውጦች አላገኘም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ ሌላ አገር ላይ የተገኘውን ሁሉ ለእኛ ልጆች እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ችፌ አይተላለፍም። በቤት ውስጥ ሌሎችም ሌሊት ሌሊት የሚያሳክካቸው ከሆነ፣ የልጁም መዳፍና የውስጥ እግሩ ሽፍታ ካወጣ ግን እከክ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት።

ለተቆጣ ችፌ ሐኪሞች ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ያዝዛሉ፤ ለሕፃን ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ነው። በትክክል ከተቀባ ይህን መድኃኒት መፍራት አይገባም። የመጠኑ መለኪያ የአዋቂ ጣት ነው፤ ከጠቋሚ ጣት የመጨረሻ መታጠፊያ እስከ ጫፉ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። እናት መድኃኒት ቤት ገብታ «ለልጄ ሽፍታ» ስትል ጠንካራ ስቴሮይድ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለበት ቱቦ ያለ ምርመራ ተሰጥቷት የምትመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለት ቀን ሽፍታው ይጠፋል፤ ደስታም ይሆናል። ሲቆም ተባብሶ ይመለሳል፤ እንደገና ይቀባል። በዚህ አዙሪት ቆዳው ይሳሳል፣ ይነጣል፤ ጭርት ከሆነ ምልክቱ ተሸፍኖ ይስፋፋል። እንደ ክሎቤታሶል ያለ ብርቱ ስቴሮይድ ለብዙ ጊዜ ሲቀባ ወደ ደም ገብቶ የልጁን የሆርሞን ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል። በዳይፐር ሥር ሲቀባ ደግሞ ይብሳል፤ የታፈነ ቆዳ የበለጠ ይመጥጣልና። አዋቂዎች ለፊት ማቅሊያ የሚጠቀሙበትን ክሬም ለልጅ መቀባት ከዚሁ የሚመደብ አደጋ ነው።

ልብስ ሌላው ሳይታሰብ የሚቀር ምክንያት ነው። ብርድ እንዳያገኘው ተብሎ በሱፍ ሹራብ ላይ ሹራብ፣ በዚያ ላይ ብርድ ልብስ የተደረበለት ልጅ ያልበዋል፤ ላብና ሱፍ ደግሞ ማሳከክን ይቀሰቅሳሉ። ቆዳን የሚነካው ጥጥ ይሁን። በድሬዳዋና በመሳሰሉት ቆላማ ከተሞች ይህ ጉዳይ የሙቀት ሽፍታን ያስከትላል። ዳይፐር የነካው ቦታ ከተላጠ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ አየር ማስነካትና ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት መቀባት ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ስለሚሆን የራሱ መድኃኒት አለው።

በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች የሚገጥማቸው ድርቀት ከሰው ሠራሽ አየር የሚመጣ ነው፤ በሚኒሶታና በስቶክሆልም ክረምት የቤት ማሞቂያው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ቆዳን ያደርቃል። ማሞቂያውን ቀነስ ማድረግ ይረዳል።

ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል የያዘ ቁስል፣ ትኩሳት፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቁስሎች፣ ልጁን ጡት የሚያስተው ወይም እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከክ ካለ ቀን መቁጠር አይገባም። ዕድሜው ከአንድ ወር በታች ሆኖ መግል የያዘ ሽፍታ ያወጣ ልጅ በዚያው ዕለት መታየት አለበት። ጤና ጣቢያው ካልቻለ የቆዳ ሐኪም ወዳለበት ይልካል፤ አዲስ አበባ ያለው አለርትና በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ወደ ሐኪም ሲኬድ እስካሁን የተቀባውን ሁሉ፣ ቱቦውንም ከቤት የተዘጋጀውንም፣ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ምን እንደተቀባ የማያውቅ ሐኪም የሚያየው ሕመሙን ይሁን የመድኃኒቱን ጉዳት መለየት ይቸግረዋል።