በብልህነትና በሃይማኖተኝነት መካከል ያለው «አሉታዊ ተዛምዶ» ምንድን ነው?

«ብልህ ሰው አያምንም» የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሳል፤ ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ነው፦ −0.24። ቁጥሩ በአእምሮ ፈተና ውጤትና በሃይማኖተኝነት መካከል ያለው ተዛምዶ ነው፤ ተዛምዶ ማለት ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ መለኪያ ነው። አንዱ ወገን ቁጥሩን እንደ ዱላ ያነሳዋል፤ ሌላው አማኝ የነበረውን የፊዚክስ ሊቅ ጠቅሶ «ታዲያ ኒውተንስ?» ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩ ራሱ የሚለው ግን ከሁለቱም ይለያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ የተገኘው ዙከርማን፣ ሲልበርማንና ሆል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ካወጡት ሥራ ነው። እነሱ ራሳቸው ማንንም አልፈተኑም። ከ1928 ጀምሮ የተሠሩ 63 ጥናቶችን ሰብስበው ውጤቶቹን በአንድ ላይ አሰሉ፤ እንዲህ ያለው የጥናቶች ጥናት ሜታ አናሊሲስ ይባላል። በ53ቱ ጥናቶች የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ከፍ ያሉ ሰዎች ሃይማኖተኝነታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። በቀሩት 10 ጥናቶች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በ2020 ጥናቶቹን 83 አድርሰው እንደገና ሲያሰሉ ውጤቱ ከ−0.20 እስከ −0.23 ባለው ውስጥ ወደቀ። ስለዚህ ተዛምዶው አለ፤ «የፈጠራ ወሬ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

ግን ምን ያህል ነው? ተዛምዶ ከ−1 እስከ +1 ይለካል። −1 ማለት አንዱ በጨመረ ቁጥር ሌላው ያለ አንዳች ስሕተት ይቀንሳል ማለት ነው፤ 0 ደግሞ ሁለቱ አይተዋወቁም ማለት ነው። 0.24ን በራሱ ብናባዛው 0.0576 ይሆናል። ይህም በሰዎች መካከል ካለው የሃይማኖተኝነት ልዩነት ከፈተናው ውጤት ጋር አብሮ የሚሄደው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው 94 በመቶ ከአስተዳደግ፣ ከአገር፣ ከትዳር፣ ከጠባይና ከሌላም ከሌላም የሚመጣ ነው።

በሌላ መንገድ እንየው። ከጥናቶቹ ውስጥ ሁለት ሁለት ሰው በዕጣ እያወጣን 100 ጥንድ እንሥራ። ተዛምዶው ዜሮ ቢሆን፣ ከጥንዱ በፈተናው የበለጠው ሰው በሃይማኖተኝነቱ ደግሞ የሚያንሰው ሆኖ የሚገኘው በ50ዎቹ ይሆን ነበር። በ−0.24 ወደ 58 ገደማ ይወጣል። በቀሩት 42 ጥንዶች ይበልጥ ሃይማኖተኛው ራሱ በፈተናውም በላጭ ነው። ሳንቲም ከመወርወር ትንሽ የተሻለ ግምት ነው፤ ጎረቤትን ለመመዘን ግን አይበቃም። «ኒውተንስ?» የሚለው መልስም የማይሠራው ለዚሁ ነው፤ ስለ ዳንኤል ትንቢት ብዙ ገጽ የጻፈው ኒውተን ከ42ቱ አንዱ ቢሆን አማካዩን የሚያናውጥበት ምክንያት የለም።

ቁጥሩ ከማን እንደተወሰደም ማየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ሰዎች ናቸው፤ ከሃይማኖትም በብዛት ፕሮቴስታንቶች። በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ደግሞ ደከም ያለ ተዛምዶ ያሳያሉ። አንዱ ምክንያት የውጤቱ ክልል መጥበብ ነው። ተማሪዎቹ ገና ሲገቡ በፈተና ተበጥረዋል፤ ዝቅተኛው ውጤት ከበሩ ውጭ ቀርቷል። ቁመታቸው ከ1.90 ሜትር በላይ የሆኑትን ብቻ ሰብስቦ ቁመት ለቅርጫት ኳስ ይጠቅም እንደሆነ እንደ መለካት ነው፤ ጥቅሙ ቢኖርም በዚያ ጠባብ መስኮት ደብዝዞ ይታያል።

ሃይማኖተኝነት የተለካበት መንገድም ውጤቱን ይለውጠዋል። ስለ እምነት ሲጠየቅ (በፈጣሪ ታምናለህ? ጸሎትህ ይሰማል ብለህ ታስባለህ?) ተዛምዶው ጠንከር ይላል፤ ስለ ተግባር ሲጠየቅ (በወር ስንት ጊዜ ቤተ እምነት ትሄዳለህ?) ይላላል። የሚገርም አይደለም። ሰው ለክርስትናም ለተዝካርም ለጓደኛው ሠርግም ይሄዳል፤ እግሩ የደረሰበት ሁሉ ልቡ ያለበት አይደለም። በተቃራኒው ረቡዕና ዓርብን የማይሽር፣ ነገር ግን ሥራው እሑድን የማይሰጠው ሰው «በወር ስንት ጊዜ?» በሚል መጠይቅ ላይ እምነቱ እንደላላ ሆኖ ይመዘገባል።

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ በብዛት የሚጠቀሱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከመንጋው መለየት ነው፦ በፈተና ከፍ የሚሉ ሰዎች ብዙኃኑ ያለውን ለመቀበል ይዘገያሉ የሚል። ይህ ትክክል ከሆነ ተዛምዶው የሚጠበቀው ብዙኃኑ አማኝ በሆነበት አገር ነው፤ አለማመን የተለመደ በሆነበት እንደ ስካንዲኔቪያ ባለ ቦታ ግን ባለማመን ከመንጋው መለየት የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው የአስተሳሰብ ልማድ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው። ደብተርና እርሳስ አንድ ላይ 110 ብር ነው፤ ደብተሩ ከእርሳሱ በ100 ብር ይበልጣል። እርሳሱ ስንት ነው? ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው 10 ብር ነው። ግን እርሳሱ 10 ከሆነ ደብተሩ 110፣ ድምሩም 120 ይሆናል። መልሱ 5 ብር ነው። ይህን መሰል ጥያቄ በ2005 ፍሬድሪክ የተባለ ተመራማሪ በዱላና በኳስ አቅርቦታል፤ የሚለካውም ቀድሞ የመጣውን መልስ ገትቶ ዳግም የማየት ልማድን ነው። በ2012 በአሜሪካ እንደታየው እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን የሚመልሱ ሰዎች እምነታቸው በመጠኑ ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው አለ። የቅኔ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን የሚለማመደው ይህንኑ ነው፦ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው ሰሙ ነው፤ እዚያ ላይ ከቆመ መምህሩ ይስቅበታል፤ ገትቶ፣ ቃሉን ሰንጥቆ፣ ወርቁን ማውጣት አለበት። የትርጓሜ ተማሪም «አንድም» እያለ አንዱን ቃል ደጋግሞ ይፈታል። ዳግም የማየት ልማዱ ከእምነት ቤቱ ውስጥ የተኮተኮተ ስለሆነ፣ ልማዱ ሰውን ከእምነት ያርቃል ብሎ ለሁሉም አገር መደምደም ያስቸግራል። በ2018 በ13 አገሮች የተሠራ ጥናትም ተዛምዶው በጥቅሉ ደካማና ከአገር አገር የሚለዋወጥ መሆኑን አሳይቷል።

በዚሁ መስክ የወደቀ ግኝትም አለ። በ2012 «አሳቢው» የተባለውን የፈረንሳዊው ቀራጺ የሮዳን ሐውልት ሥዕል ያዩ ሰዎች እምነታቸው ለጊዜው ዝቅ አለ ተብሎ ታትሞ ነበር። በዚያ ሙከራ የተሳተፉት 57 ሰዎች ነበሩ። በ2017 ከ900 በላይ ሰዎች ላይ ሲደገም ምንም አልተገኘም። በጥቂት ሰው ላይ የታየ ትልቅ ውጤት ሲገጥም ድጋሚው እስኪመጣ መታገሥ ይሻላል።

ከሁሉ የባሰው ግን በአገር ደረጃ የሚነገረው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሊንና ባልደረቦቹ 137 አገሮችን አሰልፈው የአገሩን አማካይ አይኪው (አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ የሚሰላ የአእምሮ ፈተና ውጤት) ከአማኞቹ ብዛት ጋር ሲያነጻጽሩ −0.60 አገኙ። ቁጥሩ ግዙፍ ነው፤ ችግሩም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ችግር ከአገር ወደ ሰው መዝለል ነው። ሮቢንሰን የተባለ ተመራማሪ በ1950 የአሜሪካን የ1930 ሕዝብ ቆጠራ ወስዶ ይህን በጥሩ አሳይቷል። በውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች የበዙባቸው ግዛቶች ማንበብ የማይችል ሰው የሚያንስባቸው ነበሩ (−0.53)። ሰው በሰው ሲታይ ግን በውጭ የተወለዱት ራሳቸው ማንበብ ባለመቻል በመጠኑ ይበልጡ ነበር (+0.12)። ስደተኞቹ የሰፈሩት ነዋሪው የተማረበት ግዛት ስለነበር ነው። ድምሩ የሚለው አንድ፣ ሰዎቹ የሚሉት ሌላ።

ሁለተኛው የጥሬ መረጃው ጉዳይ ነው። የሊን የአገራት አማካይ አይኪው ሰንጠረዥ በ2002 ሲወጣ ለኢትዮጵያ 63 ሰጠ። የተወሰደው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተደረገ ፈተና አይደለም፤ ወደ እስራኤል ከገቡ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ ከሆኑ 250 ታዳጊዎች ነው። የተፈተኑት በሬቨን ማትሪክስ ነው፦ ቅርጾች በረድፍና በዓምድ ይደረደራሉ፣ አንዱ ቦታ ባዶ ይተዋል፣ ከ6 ወይም ከ8 አማራጮች የሚገጥመው ይመረጣል፤ 60 ጥያቄ በ5 ምድብ። ቃል ስለሌለው ባህል የማይነካው ይመስላል። ነገር ግን ከግራ ወደ ቀኝና ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ ማንበብ የሰንጠረዥ ንባብ ነው፤ ይህ ደግሞ በትምህርት ቤት ወረቀት የሚለመድ ነው። በ2020 የአውሮፓ የሰው ባሕርይና ዝግመተ ለውጥ ማኅበር ይህ ሰንጠረዥ ለምርምር እንዳይውል በይፋ መግለጫ አውጥቷል።

እነዚያ 250 ታዳጊዎች ቤተ እስራኤል ናቸው። በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠር፣ በአብዛኛው ክርስቲያንና ሙስሊም ለሆነ ሕዝብ ወኪል ተደርገው የተቆጠሩት አገሩን ለቀው ከወጡ፣ በሃይማኖትም ከብዙኃኑ ከሚለዩ ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ናቸው።