«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»
ይህን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚተረተው ግን ልጅን ዝም ለማሰኘት ነው። ጅማ ውስጥ ቼዝ በሚጫወቱበት አንድ ቡና ቤት ደጃፍ ትንሽ ቁጭ ይበሉ። ዩኒፎርሙን ያላወለቀ ልጅ፣ ጋሼ የሚለውን ሰው ንጉሥ ጥግ አስይዞ «ማት!» ሲል ይሰማሉ። ከዳር ያለው ሁሉ ይስቃል። ጋሼ በርጩማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ተወው ባክህ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ። ልጁ መልስ የለውም፤ ጠጠሮቹን እንደገና ይደረድራል።

ተረቱ የተወለደው ጓዳ ውስጥ ነው። ጤፍ ማቡካት ክንድ ይጠይቃል። ዱቄቱ ቡሆቃ ውስጥ ከእርሾው ጋር ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ይታሻል። የልጅ ክንድ ደግሞ ቶሎ ይዝላል፤ ወይ ሊጡ ይጓጉላል፣ ወይ ለመገላገል ሲባል ውኃው ይበዛል። ቢሳካ እንኳ ልጅ የሚያቦካው በአቅሙ ልክ ነው፤ እራት የሚጠብቀው ቤተሰብ ግን ብዙ ነው። ገና ደግሞ መቆየቱ አለ፤ በጅማ ክረምትማ ሊጡ ቶሎ እሺ አይልም። አብሲቱ፣ ምጣዱ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

በተለምዶ ከባድ ጉዳይ ልምድ ለሌለው ሰው አይሰጥም ለማለት እንጠቀምበታለን። ልጁ አላቦካም ግን አይልም። ይህን ደህና አድርጎ የሚያሳየኝ ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሬይክያቪክ ላይ የ13 ዓመቱ ካርልሰን ከዓለም አንደኛው ጋሪ ካስፓሮቭ ጋር በፈጣን ቼዝ አቻ ወጣ። ዓለም ጉድ አለ። በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። በዚያው ዓመት የቼዝ ትልቁን ማዕረግ አግኝቶ ግራንድ ማስተር ሆነ፤ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግን በ2013 ነው። በመሃል ዘጠኝ ዓመት አለ። ደግሞ ብቻውን አላቦካም። በልጅነቱ ያሠለጠነው ሲመን አግደስታይን ነው፤ ሰውየው ግራንድ ማስተርም፣ ለኖርዌይ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ እግር ኳሰኛም ነው (እንዲህም ያለ አለ!)። በ2004 ያሸነፈው ካስፓሮቭ ራሱ ደግሞ በ2009 አሠለጠነው።

ጎልማሳ ክንድ ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ካርልሰን የዓለም ሻምፒዮንነቱን ከሩሲያዊው ኢያን ኔፖምኒያሺ የተከላከለበትን የ2021ዱን የዱባይ ፍልሚያ ስድስተኛ ጨዋታ ይመልከት። አምስቱ አቻ አልቀዋል። ካርልሰን ንግሥቱን በሁለት ግንብ ለወጠና ማሸቱን ያዘው። ሰዓታት ነጎዱ። መጨረሻ ላይ አንድ ግንብ፣ አንድ ፈረስና ሁለት ወታደር ይዞ ከኔፖምኒያሺ ንግሥት ጋር ተፋጠጠ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ በ136ኛው እርምጃ ኔፖምኒያሺ እጁን ሰጠ። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ይህን ያህል እርምጃ የፈጀ ጨዋታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ፍልሚያው ለኔፖምኒያሺ ወዲያው ተበላሸበት፤ ካርልሰን 7.5 ለ3.5 አሸነፈ።

ቀድሞ ያቦካው ግን ሌላ ነበር። ሰርጌይ ካርያኪን በ2002 ግራንድ ማስተር ሲሆን ገና 12 ዓመት ከ7 ወሩ ነበር። በ2016 ኒውዮርክ ላይ ለዘውዱ ከካርልሰን ጋር ተገናኝተው በ12 ጨዋታ 6 ለ6 ወጡ። ካርያኪን በፈጣኑ መለያ ተሸነፈ፤ ቀኑ የካርልሰን 26ኛ ልደት ነበር። ተረቱን ለእሱ የሚተርት ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልስማማም። ከዓለም ሻምፒዮን ጋር 12 ጨዋታ እኩል የወጣ ሰው ያቦካውማ በቅቷል፤ ጎረቤቱ የባሰ ሞያ ስላለው ነው እንጂ።