የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ

ጀርመን ሊኖር የሚመጣ የውጭ ዜጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን መጣህ?» ተብሎ ነው። የአገሩ የመኖሪያ ፈቃድ ሥርዓት በሙሉ የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የመኖሪያ ሕግ ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለቤተሰብና ለጥገኝነት የየራሱ አንቀጽ አለው። ፈቃዱ በየትኛው አንቀጽ እንደተሰጠም ካርዱ ላይ ይጻፋል። እኛ ሐበሾች «ወረቀት አገኘ» ስንል ሁሉም ወረቀት አንድ ይመስላል። ግን መሥራት መቻሉ፣ ቤተሰብ ማምጣቱ፣ መቼ ቋሚ ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚያ አንቀጽ ነው።

ኢትዮጵያዊ ዜጋ ጉዳዩን የሚጀምረው አዲስ አበባ ካለው የጀርመን ኤምባሲ ነው። ከሦስት ወር በላይ ለመቆየት የረጅም ጊዜ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ግን ያለ ቪዛ ገብቶ እዚያው ማመልከት ይችላል። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ፈቃድ ማውጣት ከጥቂት ጉዳዮች በቀር አይቻልም። «አንዴ ግባ እንጂ ሌላው ይስተካከላል» የሚል ደላላ ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ አድራሻ ማስመዝገብ ነው፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መደረግ አለበት፤ አከራዩም የፈረመበት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ቀጥሎ የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው። ሕጉ የፌዴራል ቢሆንም ቢሮው የከተማው ወይም የወረዳው አስተዳደር ነው። ስለዚህ አንዱ ከተማ በሳምንታት ያለቀ ጉዳይ ሌላው ጋ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ተርሚን (ቀጠሮ) ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ፈተና የሆነባቸው ከተሞች አሉ። ከ2011 ወዲህ ፈቃዱ ቺፕ ያለው ካርድ ሆኗል። ስድስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ አሻራ ይሰጣል።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። ማመልከቻው የቀድሞው ፈቃድ ሳያልቅ መግባት አለበት። በጊዜው ካመለከቱ ውሳኔው ቢዘገይም የድሮው መብት ይቀጥላል፤ ለዚህም ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ የሚባል ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣል። በወረቀቱ ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ። ወጥቶ መመለስ የሚቻለው ፈቃዱ እንደቀጠለ የሚያሳየው ሳጥን ሲመረጥ ነው። ይህን ሳያዩ ለገና አዲስ አበባ ሄዶ መመለሻ ማጣት ይመጣል።

ተማሪ ከሆኑ ኑሮን መሸፈን እንደሚችሉ ማሳየት ግድ ነው። ብዙዎች የሚያሳዩት በዝግ ሒሳብ (ገንዘቡ በየወሩ በተወሰነ መጠን ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ሲሆን ከ2024 መስከረም ጀምሮ መጠኑ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀዳል። ከተመረቁ በኋላ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጣል። ዲግሪ ኖሮት በቂ ደመወዝ ያለው ሥራ ያገኘ ሰው ሰማያዊ ካርድ የሚባለውን የተማሩ ባለሙያዎች የመኖሪያ ፈቃድ ያወጣል። በ2025 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 48,300 ዩሮ ነበር፤ የሰው ኃይል እጥረት ላለባቸው ሙያዎች ግን ያንሳል። የዚህ ካርድ ባለቤት የጀርመንኛ ደረጃው ቢ1 (መካከለኛ) ከሆነ በ21 ወር ቋሚ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በመደበኛው መንገድ ግን አምስት ዓመት፣ የ60 ወር የጡረታ መዋጮና የጀርመንኛ ችሎታ ይጠየቃል።

ትልቁ ሕመም ያለው ቤተሰብ ማገናኘት ላይ ነው። የጥገኝነት ጥያቄው በሙሉ ተቀባይነት ያገኘለት ሰው ውሳኔው ከጸና በሦስት ወር ውስጥ ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ካመለከተ ገቢና ቤት አይጠየቅም። ሦስት ወሩ ካለፈ ሊጠየቅ ይችላል። በእኔ እምነት ለአዲስ ስደተኛ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም። የሁለተኛ ደረጃ ጥበቃ (እንደ ስደተኛ ሳይቆጠሩ ቢመለሱ ከባድ ጉዳት ስለሚያሰጋቸው የሚሰጥ ጥበቃ) ያገኙት ደግሞ ከ2025 ሐምሌ ጀምሮ የቤተሰብ ማምጣት መብታቸው ለሁለት ዓመት ታግዷል፤ የሚታለፈው ለከባድ ችግር ብቻ ነው።

የእኛ ሰው ሰነድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የጀርመን ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው። እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይቀርባሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የብዙ ጎልማሳ የልደት ካርድ ዘግይቶ የወጣ ነው። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር ልዩነቱ ሲጨመር ፓስፖርቱ አንድ ቀን፣ የልደት ካርዱ ሌላ ቀን ሊል ይችላል። ባለሥልጣኑ ይህን ሲያይ ይጠራጠራል፤ ማጣራቱም ወራት ይወስዳል። ስምና ቀኑን ከማመልከቻ በፊት በሁሉም ሰነድ ላይ ማስተካከል ብዙ መለያየትን ያሳጥራል።

ዱልዱንግ የያዘ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ዱልዱንግ ከአገር የማስወጣቱን ውሳኔ ለጊዜው ያዘገያል እንጂ የመኖር መብት አይሰጥም። ቢሆንም ዓመታት በእሱ የኖሩ፣ ልጆች ያሳደጉ ብዙ ናቸው። መደበኛ ሥራ፣ የሙያ ሥልጠና ወይም ረጅም ቆይታ ወደ እውነተኛ ፈቃድ የሚያሻግሩባቸው አንቀጾች አሉ፤ ማንነትን የሚያሳይ ሰነድ ግን ከሞላ ጎደል ሁሌም ይፈለጋል።

ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎች የሼንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላል፤ ሥራ ግን አይፈቅድለትም። ከስድስት ወር በላይ ከጀርመን ውጭ ከቆየ ፈቃዱ በአብዛኛው ራሱ ይቋረጣል። የታመመ ወላጅ ለማስታመም የሚሄድ ሰው ቀድሞ ለቢሮው ቢያሳውቅና ረዘም ያለ ጊዜ ቢያስፈቅድ ይሻለዋል።

ከ2024 ሰኔ ወዲህ ጀርመን አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረ ሰው ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ዜግነት መጠየቅ ይችላል፤ የቀድሞውን ተው አይባልም። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የጀርመን ፓስፖርት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ አገሩ ሲገባም የሚጠቀመው በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው።